በአሮጌ ሞተር ብስክሌት ላይ የሚደርሰውን የኤሌክትሪክ ጉድለት ስለ መመርመር

በወረዳ ጽሕፈት ቤት ጓሮ ወይም በእህል ጎተራ ጥግ ቆሞ አቧራ የለበሰ ሞተር ብስክሌት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ስለ እርሱ የተጠየቀ ሰው «ሞቷል» ብሎ ይመልሳል። ነገር ግን ሞተ ከተባለው ውስጥ እጅግ ብዙው የሞተው በሞተሩ ሕመም ሳይሆን በአንዲት ሽቦ መላላት፥ ወይም በመጋጠሚያ ዝገት፥ ወይም በባትሪ ጥማት ነው። ይህንም መርምሮ ለማግኘት የሚፈጀው ጊዜ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ቀን አይበልጥም።

ጉዳዩ የመጓጓዣ ብቻ መስሎ እንዳይታይ ማስተዋል ይገባል። የከብት ደስታ የተባለው መቅሠፍት በፈረንጅ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል፤ በበግና በፍየል ላይ የሚመጣውን ደስታ መሰል በሽታ ደግሞ እስከ 2030 ዓ.ም. ለማጥፋት ታስቧል። ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚላከው ክትባት በበረዶ ሣጥን ተይዞ ከከተማ ወደ ገጠር የሚሄደው ብዙ ጊዜ በሞተር ብስክሌት ኮርቻ ላይ ነው። ሰውየው በመንገድ ሲቀር በረዶው ይቀልጣል፤ ክትባቱም ሲሞቅ ኀይሉን ያጣል፤ ከማለዳ ጀምሮ መንጋውን ሰብስቦ የሚጠብቀው ባለከብት ሲመሽ ተስፋ ቈርጦ ይበተናል። ሁለተኛ ቢጠራም እሺ ብሎ መምጣቱ ያጠራጥራል።

አስተዳዳሪ ወይም ባለእርሻ የሆነ ሰው እጁን በዘይት ያጨማልቅ ዘንድ አይጠየቅም። ሆኖም የባትሪ ወይም የቦቢና መግዣ ወረቀት ፊርማውን ሽቶ በፊቱ ሲቀርብ፥ ምን ተለክቶ ምን እንደ ተገኘ መጠየቅ ይችል ዘንድ የነገሩን ሥር ማወቅ ይገባዋል። ጠያቂ የሌለበት ጋራዥ ደኅናውን ዕቃ ከመጥፎው ጋር አብሮ ይለውጣልና።

የኤሌክትሪክን ነገር ለመረዳት መስኖ ለሚያውቅ ሰው አያስቸግርም። ቮልት ማለት ውሃው የሚወርድበት ከፍታ፥ አምፔር ማለት በቦዩ የሚያልፈው የውሃ ብዛት፥ ኦም ማለት ደግሞ የቦዩ ጥበትና ደለል እንደ ማለት ነው። ምሳሌው የሚያገለግለው እስከዚህ ነው። ውሃ መሬቱን አጠጥቶ በዚያው ይቀራል፤ ኤሌክትሪክ ግን ሥራውን ፈጽሞ ወደ ወጣበት ካልተመለሰ ከቶ አይንቀሳቀስም። በሞተር ብስክሌት ላይ መሄጃው ሽቦ ሲሆን መመለሻው የብረቱ አካል ራሱ ነው። መካኒኮች ይህን መመለሻ ከጣልያንኛ ወስደው «ማሳ» ይሉታል፤ ስሙ ይምሰል እንጂ ከእርሻ ማሳ ጋር ዝምድና የለውም። ስለዚህ አንድ መብራት እንቢ ሲል መሄጃውን ብቻ መርምሮ መመለሻውን መርሳት እኩሌታውን ሥራ መተው ነው።

ከአሮጌዎቹ ብዙዎቹ በ6 ቮልት የሚሠሩ ስለ ሆኑ ዝገት በእነርሱ ላይ ይበረታል። 30 ዋት የሆነ የፊት መብራት በ6 ቮልት 5 አምፔር ሲወስድ በ12 ቮልት ግን 2 አምፔር ተኩል ይበቃዋል። በመጋጠሚያው ላይ 0.2 ኦም የሚያህል ዝገት ቢኖር፥ መብራቱ ከ6 ቮልቱ ሰባተኛውን እጅ ያጣል፤ በ12 ቮልት የሚሠራው ግን ከሃያ አምስት እጅ አንዱን ብቻ ያጣል። ዓይን የማያየው አንድ ዓይነት ዝገት በአንዱ ላይ መብራቱን እንደ ኩራዝ ሲያደበዝዘው በሌላው ላይ የሚታወቅ ነገር አያደርግም። «አሮጌው ሞተር ድሮም መብራቱ ደካማ ነው» የሚባለው ወሬ ከዚህ የመጣ ነው፤ እውነቱ ግን መጋጠሚያው ቢጠረግ መብራቱ የሚመለስ መሆኑ ነው።

ከምርመራው በፊት ሞተሩ እሳቱን ከወዴት እንደሚያገኝ መለየት ያስፈልጋል። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1902 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሮበርት ቦሽ ፋብሪካ ጎትሎብ ሆኖልድ የተባለው ሰው በከፍተኛ ቮልት የሚሠራውን ማኔቶ ካዘጋጀ ወዲህ፥ ብዙ ሞተር ብስክሌቶች ያለ ባትሪ እሳታቸውን ራሳቸው የሚያመነጩ ሆነው ተሠሩ። ሌሎቹ ደግሞ እሳቱን ከባትሪ በቦቢና በኩል ያገኛሉ። ማኔቶ ያለው ባትሪው ቢሞትም እንኳ ይነሣል፤ ባትሪ የሚሻው ግን ያለ ባትሪ አይነሣም። እንግዲህ ማኔቶ ያለው ሞተር አልነሣ ሲል አዲስ ባትሪ ይገዛለት ዘንድ የሚጠይቅ ወረቀት ቢመጣ፥ ጠያቂው ነገሩን ያልመረመረ መሆኑ በዚሁ ይታወቃል።

ቀጥሎም ጥፋቱ በእውነት የኤሌክትሪክ መሆኑ ይረጋገጥ። ቤንዚን መኖሩ፥ የቤንዚኑ ቧንቧ መከፈቱ፥ በመሪው ላይ ያለው ማጥፊያ አለመነካቱ ይታይ፤ ይህን መጠየቅ የሚያሳፍር ቢመስልም ብዙ ድካም ያድናል። ከዚያ ወዲያ ካንዴላው ይፈታ። አፉ ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ መልካም ነው። በጥቁር ጥላሸት ተሸፍኖ ከተገኘ ግን ጥፋቱ ከካርቡራቶሩ ሊሆን ይችላል። በደጋ አገር፥ ከ2,000 ሜትር በላይ፥ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ለቈላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ቤንዚኑን ያበዛዋል፤ ያልነደደው ቤንዚን ጥላሸት ይሆናል፤ ጥላሸቱም ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለ ሆነ እሳቱ ሳይበልጭ ሾልኮ ያልፋል። በዚህ ጊዜ ቦቢና መለወጥ ከንቱ ወጪ ነው።

የካንዴላው አፍ ከተጠረገና ክፍተቱ በአምራቹ መጽሐፍ እንደ ተጻፈው ከተስተካከለ በኋላ (ብዙውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ነው) ካንዴላው በቆቡ ውስጥ ተመልሶ፥ የብረት ገላው ከሞተሩ ራስ ጋር ይነካካ፤ ቁልፉም ተከፍቶ የእግር ማስነሻው ይረገጥ። የሚይዘው ሰው የጎማ እጀታ ባለው ደረቅ ፒንሳ ይያዘው እንጂ በባዶ እጁ አይንካው። የፈሰሰ ቤንዚን አስቀድሞ ይጠረግ፤ ካንዴላውም ከተፈታበት ቀዳዳ ራቅ ይበል፤ ከዚያ የሚወጣው የቤንዚን ትነት በብልጭታው ሊቃጠል ይችላልና። ብልጭታው ሰማያዊና ድምፅ ያለው ከሆነ ኤሌክትሪኩ ደኅና ነው፥ ሌላ ስፍራ ይፈለግ። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ደክሟል። ጨርሶ ከሌለ ግን ምርመራው ወደ ኋላ፥ ወደ ምንጩ ይሄዳል።

ባትሪ ያለው ከሆነ ከባትሪው ይጀመራል። ጫፎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከታየ በሙቅ ውሃና በሶዳ ታጥቦ፥ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፥ ጠብቆ ይታሰር። ያረፈ ደኅና ባትሪ ሲለካ 12 ቮልቱ 12.6 ያህል፥ 6 ቮልቱ 6.3 ያህል ያሳያል። ከ12 ወይም ከ6 በታች ከወረደ ባዶ ነው። ሆኖም ያረፈ ባትሪን መለካት ብቻ አይበቃም፤ ሥራ ያልተሰጠው ሰነፍ ሁሉ ብርቱ ይመስላልና፥ የፊት መብራቱ በርቶ ደግሞ ይለካ። መብራቱ እንደ በራ ቮልቱ ወዲያው እጅግ ከወደቀ ባትሪው በውስጡ ተበላሽቷል። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ በቈላ ውሃው ፈጥኖ ስለሚተን በየወሩ መታየት ይገባዋል። የሚጨመረውም የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የጉድጓድ ውሃ ጨው ስላለበት ባትሪውን ይገድለዋል፤ አሲድ መጨመርም ስሕተት ነው፥ የተነነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለምና።

ፊውዝ ስለ ማቃጠል ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሞተር የጠፋው በዚህ ነው። ፊውዙ ሲቃጠል የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ወይም ወፍራም ሽቦ አድርጎ መሄድ በየመንገዱ የተለመደ ጥበብ ሆኗል። ይህ ሰው ሌባ እየጮኸ ያስጠነቀቀውን ዘበኛ አስሮ የተኛ ሰው ይመስላል። ፊውዙ የተቃጠለው አንድ የተገፈፈ ሽቦ ብረት ስለ ነካ ነው፤ ፊውዙ እንዳይቃጠል ከተደረገ ሽቦው ራሱ ይግላል፥ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፥ እሳቱም ከቤንዚኑ ማጠራቀሚያ በታች ይነሣል። ትክክለኛው ዘዴ እንዲህ ነው፤ በፊውዙ ስፍራ አንድ የመብራት አምፑል ከሁለት ሽቦ ጋር ይገባል። ሽቦ ብረት የነካ እንደ ሆነ አምፑሉ ደምቆ ይበራል፥ ነገር ግን ምንም አይቃጠልም። ከዚያ የኋላው መብራት፥ ክላክሱ፥ የፍሬን መብራቱ አንድ በአንድ ሲነቀሉ፥ አምፑሉ የጠፋበት መንገድ የበደለኛው ነው። ይህን ለማድረግ ከአምፑልና ከሁለት ክንድ ሽቦ በቀር የሚገዛ ነገር የለም።

ሽቦ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው መሪው ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት አንገት ላይ ነው፤ በየመታጠፊያው ሲተጣጠፍ ውስጡ ይበጠሳል፥ ላዩ ግን ደኅና ይመስላል። ሞተሩ ወደ ግራ ሲታጠፍ የሚጠፋ፥ ሲቀና የሚነሣ ከሆነ ሌላ አይፈለግ። ሞተሩ እየሠራ በቆመበት መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማዞርና ሽቦዎቹን በጣት ማንቀሳቀስ ይበቃል። ከእህል ጋር በአንድ ጎተራ የሚያድር ሞተር ደግሞ ሽቦው በአይጥ ይበላል፤ በእርሻ ስፍራ ኮርቻውን አንሥቶ ይህን ማየት መልካም ነው። የተበጠሰውንም ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ለዕለቱ መንገድ እንጂ ለዓመት አይሆንም። በክረምት ሞተሩ በዝናብ የሚጠፋ ከሆነ ከቦቢና ወደ ካንዴላ የሚሄደው ወፍራም ሽቦና ቆቡ ይታዩ፤ በጨለማ ሲሠራ በሽቦው ላይ የሚሮጥ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ሽቦው ተሰንጥቋል።

ማሳውን ለመፈተን መብራቶቹ በርተው ሳለ የቮልት መለኪያው አንዱ ጫፍ ከባትሪው የማሳ ጫፍ፥ ሌላው ከሞተሩ ብረት ይነካ። መለኪያው ወደ ዜሮ የቀረበ ቢያሳይ ደኅና ነው፤ ግማሽ ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ መመለሻው ታግዷል። ሞተሩን ለማሳመር አዲስ ቀለም የቀቡ ብዙዎች ቀለሙ ማሳውን እንደሚዘጋ ሳያውቁ መብራታቸውን አጥተዋል፤ ብሎኑ በሚያርፍበት ስፍራ ቀለሙ እስከ ብረቱ ድረስ ይፋቅ።

ፑንቲና ያላቸው ሞተሮች ሌላ ጥንቃቄ ይሻሉ። የፑንቲናው ክፍተት በብዙዎቹ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ነው፤ ገጹ ዘይት ከነካው ወይም ከተቃጠለ እሳቱ ይደክማል። ፑንቲናው ሲከፈት ትልቅ ነጭ ብልጭታ የሚታይበትና ገጹ ቶሎ ቶሎ የሚበላ ከሆነ ኮንደንሰሩ ሳይጠረጠር አይቀርም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ እየተነሣ ሲሞቅ የሚጠፋ፥ አርፎም እንደ ገና የሚነሣ ከሆነ ኮንደንሰር ወይም ቦቢና ነው ይባላል፤ አዎን፥ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ነገር ግን የቤንዚን ክዳን መተንፈሻ ሲደፈን ምልክቱ ፍጹም አንድ ዓይነት ስለ ሆነ፥ ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት አስቀድሞ ክዳኑ ይከፈት። አየር ሲስብ ከተሰማና ሞተሩ ከተነሣ የተከሰሰው ቦቢና ነጻ ወጥቷል።

ባትሪው በየሳምንቱ የሚደክም ሲሆን ባትሪውን ከመውቀስ በፊት የሚሞላው ነገር ይለካ። ሞተሩ በመካከለኛ ፍጥነት ሲሠራ በ12 ቮልት ባትሪ ጫፍ ከ13.5 እስከ 14.5፥ በ6 ቮልቱ 7 ያህል ሊታይ ይገባል። ምንም ካልጨመረ ዲናሞው፥ ብሩሹ፥ ወይም ረክቲፋየሩ አይሠራም። ከ15 በላይ ከወጣ ደግሞ ሬጉላተሩ ተበላሽቷል፤ ባትሪው ይፈላል፥ አምፑሎችም ይቃጠላሉ። መብራቱን ያለ ባትሪ በቀጥታ ከማኔቶ በሚያገኝ ሞተር ላይ የኋላው አምፑል ሲቃጠል የእርሱ ድርሻ ወደ ፊተኛው ስለሚሄድ ያም ተከትሎ ይቃጠላል። ስለዚህ አምፑል ሲለወጥ ዋቱ አንድ ዓይነት መሆኑ ይታይ።

በእንግሊዝ አገር የተሠሩ ብዙ አሮጌ ሞተር ብስክሌቶች ከሌሎቹ ተለይተው ማሳቸው የባትሪው የመደመር ጫፍ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ባትሪውን እንደ ልማዱ ገልብጦ ቢያስር ረክቲፋየሩ ወዲያው ይቃጠላል። አሮጌው ባትሪ ከመነቀሉ በፊት የትኛው ጫፍ ከብረቱ ጋር እንደ ታሰረ በወረቀት ይጻፍ።

ወደ ገጠር የሚሄድ ሞተር ከኮርቻው በታች አንድ ካንዴላ፥ ልኩ የታወቀ ሦስት ፊውዝ፥ አምፑልና ሽቦ፥ ካቻቢቴ፥ ፒንሳ፥ ናስትሮና ጥቂት ብርጭቆ ወረቀት ይያዝ። በጽሕፈት ቤቱም ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ ደብተር ይኑር፤ በእርሱም የባትሪው ቮልት ባረፈበትና መብራት በበራበት ጊዜ፥ የተለወጠው ዕቃና የተለወጠበት ምክንያት ከነቀኑ ይጻፍ። የመግዣ ወረቀትም ሲቀርብ ከዚህ ደብተር ጋር አብሮ ይቅረብ።