ያዩትን፣ የገመቱትንና የሰሙትን ለይቶ መጻፍ
(ስለ ተከዜ ግድብ ዓሣዎች)

በዚህ ትምህርት ገላጭ ድርሰት ሲጻፍ የማሰሪያ አንቀጽ አመራረጥ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያሻው እንመለከታለን። ለምሳሌነት የተወሰደው ርእስ በውሃ ውስጥ የሚኖሩ እንስሳትን አጥንቶ ከጥፋት የመጠበቅ ሥራ ነው። ርእሱ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በሜዳ የተሰማራ ከብት ይቆጠራል፤ ዓሣን ግን ውሃው ይሸፍነዋል። ስለዚህ ስለ ዓሣ የሚጽፍ ሰው በዓይኑ ያየው ጥቂት ሲሆን፣ ከዚያ ተነሥቶ የሚገምተው ብዙ ነው።

የዋግ ኽምራ አገር ሲነሣ ብዙ ሰው በአሳቡ የሚመጣበት ደረቅና ድንጋያማ ተራራ ነው። ይሁን እንጂ ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ሸለቆ የወረደ መንገደኛ ሰፊ ውሃ ተንጣሎ ያያል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ ቁመቱ 188 ሜትር ሲሆን፣ 300 ሜጋ ዋት የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲያመነጭ ታስቦ የተሠራ ነው። የተገደበው ውሃ ወደ ኋላ ተኝቶ የአበርገሌንና የዝቋላን ቆላ ስለ ነካ፣ ቀድሞ በፍየል እርባታና በማሽላ እርሻ ብቻ ይኖር ከነበረው ሕዝብ መካከል ጀልባ ቀዝፎ፣ መረብ ዘርግቶ የሚያድር ዓሣ አስጋሪ ተፈጠረ። ከሚያሰግራቸውም ዓሣዎች ቆሮሶና አምባዛ ይገኙባቸዋል።

በሰቆጣ የሚገኘው የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማእከል ካጠናቸው ነገሮች አንዱ የዚህ ግድብ ዓሣ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ጥናት እንዴት እንደሚካሄድ በአጭሩ እንመልከት። የዓይናቸው ስፋት የተለያየ መረቦች ማታ ይዘረጋሉ፤ ጠዋት ይሰበሰባሉ። የተያዘው ዓሣ አንድ በአንድ በዓይነቱ ይለያል፤ ርዝመቱ በሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም በግራም ይመዘገባል። ከዚያም ሆዱ ተከፍቶ ወንድ ወይም ሴት መሆኑ፣ እንቁላሉም የደረሰ መሆን አለመሆኑ ይታያል። ይህ የመጨረሻው ሥራ ትንሽ ይመስላል እንጂ ዋናው እርሱ ነው። ዓሣው ስንት ሴንቲ ሜትር ሲሆን መራባት እንደሚጀምር ከታወቀ፣ ገና ያልወለደው ሾልኮ እንዲያልፍ የመረቡ ዓይን ምን ያህል መስፋት እንዳለበት መወሰን ይቻላል። በተለይ እናቲቱ ቆሮሶ እንቁላልዋን በአፍዋ ይዛ የምታስፈለፍል በመሆንዋ፣ በዚያ ጊዜ ከተያዘች የምትጠፋው ብቻዋን አይደለም።

አሁን የሚከተሉትን አራት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ። ዐረፍተ ነገሮቹ ለትምህርቱ ሲባል የተዘጋጁ ናቸው።

ሀ. ትናንት ማታ በተዘረጋው መረብ 27 ቆሮሶ ተያዘ።
ለ. በግድቡ ውስጥ ቆሮሶ ብዙ ነው።
ሐ. በግድቡ ውስጥ ያለው ቆሮሶ ብዙ ሳይሆን አይቀርም።
መ. በግድቡ ውስጥ ያለው ቆሮሶ እየቀነሰ ሄዷል ይባላል።

በ«ሀ» ያለው «ተያዘ» የሚለው ማሰሪያ አንቀጽ ታይቶ የተቆጠረን ነገር ይነግረናል። «ለ» ግን ስለ መረቡ ሳይሆን ስለ ግድቡ በሙሉ ይናገራል። «ነው» የሚለው ቃል በሩን ዘግቶ፣ ጥያቄ እንዳይነሣ ያደርጋል። የተማሪዎችን ድርሰት ስናርም ዘወትር የሚያጋጥመን ይኸው «ነው» ነው፤ ያዩትም፣ የሰሙትም፣ የተመኙትም በእርሱ ይታሰራል። በ«ሐ» ጸሐፊው ግምቱን ግምት ብሎ አቅርቧል። በ«መ» ደግሞ ቃሉን ለሌላ ሰው ሰጥቷል፤ ሆኖም «ይባላል» ሲል ባዩ ማን እንደ ሆነ አልገለጸም። «በዚህ ውሃ ዐሥር ዓመት ያሰገሩ ሰዎች እየቀነሰ ሄዷል ይላሉ» ቢል ኖሮ አንባቢው የነገሩን ክብደት ሊመዝን ይችል ነበር።

«ሀ» ራሱ ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። መረቡ ስንት ሜትር ነበር? ዓይኑስ ምን ያህል ይሰፋል? ስንት ሰዓት በውሃው ውስጥ ቆየ? እነዚህ ካልተጻፉ የትናንቱን 27 ከአምናው ጋር ማስተያየት አይቻልም።

ነገሩ የቃላት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያልተጣራውን «ብዙ ነው» አምኖ ተጨማሪ መረብ የሚፈቅድ ይኖራል፤ ያልተጣራውን «አልቋል» ይዞ ማስገርን የሚከለክልም ይኖራል። በመጀመሪያው ዓሣው ይጎዳል፤ በሁለተኛው ተበድሮ መረብ የገዛው ወጣት ከነቤተ ሰቡ ይጎዳል።

ለዚህ የጣና ሐይቅ ጥሩ ማስረጃ ነው። በሐይቁ የሚኖሩት ትልልቅ ነጭ ዓሣዎች 15 ያህል ዓይነት ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኙም። ከእነርሱ በርከት ያሉት ክረምት ሲገባ እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ገባር ወንዞች ይወጣሉ። አስጋሪውም ይህን ስለሚያውቅ መረቡን በወንዙ አፍ ይዘረጋል። በዚያ ወቅት መረቡ ሞልቶ ሲወጣ ያየ ሰው «ዓሣው ብዙ ነው» ቢል አይፈረድበትም። እውነቱ ግን ዓሣው አልበዛም፤ በአንድ በር ለማለፍ ተሰብስቦ ነው። በሐይቁ በሞተር ጀልባ ማስገር ከተጀመረበት ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ በተካሄዱ ጥናቶች የነጭ ዓሣው ብዛት እጅግ ማሽቆልቆሉ ታይቷል። መረቡ ሞልቶ እያለ ሐይቁ ይጎድል ነበር ማለት ነው።

በውሃ ውስጥ ያለውን እንስሳ ፊቱን ለይቶ ማወቅስ አይቻልም? ስለ ዓሣ ነባሪ ከሆነ ይቻላል። ዓሣ ነባሪ በስሙ ዓሣ ይባል እንጂ በሳንባ የሚተነፍስ፣ ልጁን የሚያጠባ እንስሳ ነው፤ ስለዚህ አየር ለመሳብ ወደ ላይ መውጣቱ ግድ ነው። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የሚገኘው የውሃ እንስሳት ማሳያና ማጥኛ ተቋም ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰሜን አትላንቲክ የሚኖር አንድ የዓሣ ነባሪ ዓይነትን ሲያጠና ቆይቷል። ይህ እንስሳ በራሱ ላይ ሻካራ ቆዳ አለው፤ አቀማመጡ እንደ ሰው የጣት አሻራ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ተመራማሪዎቹ ፎቶግራፍ እያነሡ በመዝገብ አስፍረዋቸዋል። በዚህም የትኛው በመርከብ እንደ ተመታ፣ የትኛው በማስገሪያ ገመድ እንደ ተተበተበ ለይተው ይናገራሉ። የቀሩት ከ400 ያነሱ ናቸው። ልብ በሉ፤ እያንዳንዱን በመልኩ የሚያውቁት እነዚህ ሰዎች እንኳ የዓመቱን ቁጥር ሲያወጡ «ግምት» ብለው ይጽፉታል።

መልመጃ

1. ከላይ ካነበባችሁት ውስጥ በ«ነው» ወይም በ«ናቸው» የታሰሩ አምስት ዐረፍተ ነገሮች አውጡ። ከእነርሱ መካከል «ሳይሆን አይቀርም» ወይም «ይመስላል» ተብለው ቢታሰሩ ይሻላቸው የነበሩ ካሉ፣ ምክንያቱን በመስጠት አሻሽላችሁ ጻፉ።

2. «በመረቡ ትንንሽ ዓሣዎች ተገኙ» በሚለው ዐረፍተ ነገር መረቡን የዘረጋው ማን እንደ ሆነ አልተገለጸም። ግሡን ወደ አድራጊ ግሥ ለውጣችሁ፣ የጎደለውንም ሁሉ አሟልታችሁ ጻፉት።

3. በአካባቢያችሁ ከሚገኝ ወንዝ፣ ምንጭ ወይም ኩሬ አጠገብ አንድ ሰዓት ተቀምጣችሁ የምታዩትን መዝግቡ። በሚቀጥለው ቀን ስለዚሁ ስፍራ አንድ አረጋዊ ጠይቁ። ከዚያም ያያችሁትን በአንድ አንቀጽ፣ የሰማችሁትን በሌላ አንቀጽ፣ የገመታችሁትን በሦስተኛ አንቀጽ ጻፉ።