«ቻው» ለማን ይባላል?

ቆይ፣ ቆይ፣ እንዳትልኪው። ከኋላሽ ቆሜ ሳነብብሽ እንደማትወጂ አውቃለሁ፤ ግን ኢሜይሉ «ቻው ፕሮፌሶሬ» ብሎ ሲጀምር እያየሁ እንዴት ዝም ልበል? እኚህ ጣሊያን አገር፣ ልትማሪ በምትሄጂበት በፓዶቫ ያሉት መምህር አያውቁሽም፤ አንቺም አታውቂያቸውም። ያንን አጥፊና «ጄንቲሌ ፕሮፌሶሬ» በዪ፤ መዝጊያው ላይ ደግሞ «ኮርዲያሊ ሳሉቲ»። ደረቅ መሰለሽ አይደል? ፊልም ላይ ሲሳሳቁና ሲተቃቀፉ ስላየሻቸው ጣሊያኖች ወግ የማያውቁ እንዳይመስሉሽ። በዚህ በዚህ ከኛ አያንሱም።

«እኛ ለሰው ሁሉ ቻው እንል የለ እንዴ፣ እትዬ?» አልሽኝ። እንላለን? እስቲ ራስሽን ታዘቢ። ከጓደኛሽ ጋር ስልክ ስትዘጊ «እሺ… በቃ… እሺ… ቻው፣ ቻው ቻው» ነው። ከንስሐ አባታችን ጋር ስትጨርሺ ግን ድምፅሽ ራሱ ይለወጣል፤ «እሺ አባ፣ ደህና ይዋሉ፣ ይፍቱኝ» ትያለሽ። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረሽም። ቃሉ ከጣሊያንኛ ነው የመጣው፤ ከማኪና፣ ከጎማና ከካልሲ ጋር አብሮ የሚቆጠር ነው። ግን ለትልቅ ሰው እንደማይባል ጆሮሽ ያውቀዋል። እኛ እንዲያውም ግስ አድርገነዋል፤ «ቻው ሳይለኝ ሄደ»፣ «ቻው ተባባልን» እንላለን።

ጣሊያኑም ቃሉን የሚያየው በዚያው ዓይን ነው። እኛ «አንተ»ና «እርስዎ» እንደምንለው እነሱ «ቱ»ና «ሌይ» አላቸው። ቻው የሚሄደው ከ«ቱ» ጋር ብቻ ነው፤ ከዘመድ፣ ከጓደኛ፣ ከክፍል ልጅ፣ ከሕፃን ጋር። በ«ሌይ» ለምትጠሪው ሰው፣ ማለትም ለመምህር፣ ለሐኪም፣ ለባንክ ሠራተኛ፣ ለማታውቂያት አሮጊት ጎረቤት፣ ቀን «ቡዎንጆርኖ»፣ ማታ «ቡዎናሴራ»፣ ስትለዪ «አሪቬዴርቺ» ነው። ሙሶሊኒ እንኳን በ1938 እ.ኤ.አ. «ሌይ» ይቅር፣ በምትኩ «ቮይ» በሉ ብሎ አስገድዶ ነበር። አገዛዙ ወደቀ፤ «ሌይ» ተመልሶ ቦታውን ያዘ። እንዲህ ያለ ነገር ላይ አዋጅ ብዙም አይሠራም።

አንድ ልዩነት ግን አለ፤ እሱን አትርሺ። እኛ ቻውን ለመለያየት ብቻ ወሰድነው። እነሱ ሲገናኙም ይሉታል። አብራሽ የምትኖረው ልጅ በሩን ከፍታ «ቻው!» ብትልሽ አባረረችኝ ብለሽ ሻንጣሽን ይዘሽ እንዳትመለሺ።

አሁን የቃሉን አመጣጥ ልንገርሽ፤ እዚያ ስትደርሺ አንዱ ዐዋቂ ነኝ ባይ በግማሹ ከሚነግርሽ ከእኔ ሙሉውን ስሚው። ቻው የተወለደው ቬኒስ ነው። የቬኒስ ሰው ሲገናኝም ሲሰናበትም በትሕትና «ስቻቮ ቮስትሮ» ይል ነበር፤ «ባሪያዎ ነኝ» ማለት ነው። በደንበኛው ጣሊያንኛ ባሪያ «ስኪያቮ» ይባላል። የቬኒሱ ተውኔት ጸሐፊ ካርሎ ጎልዶኒ በ1750ዎቹ እ.ኤ.አ. በጻፈው «ላ ሎካንዲዬራ» ውስጥ ራሱን ለወዳጆቹ ባሪያ እያደረገ ሰላምታ የሚሰጥ ባላባት አለ። ባላባቱ ለማንም ባሪያ አልነበረም፤ የጨዋ ሰው አነጋገር ነው። እንግሊዞችም በዚያው ዘመን ደብዳቤያቸውን «ታዛዥ አገልጋይዎ» ብለው ይዘጉ ነበር፤ እኛም ዘንድ ለንጉሥ የሚጽፍ ሰው ራሱን «አሽከርዎ» ይል ነበር።

ከዚያ ቃሉ በአፍ ብዛት አለቀ። «ስቻቮ» «ስቻኦ» ሆነ፣ ፊተኛው «ስ» ወደቀ፣ «ቻኦ» ቀረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሰሜን ወጥቶ ወደ ሌላው ጣሊያን ተዛመተ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስቀኝ ይኸው ነው። ከሁሉ በላይ ራስን ዝቅ የሚያደርገው ሰላምታ ዛሬ ለመምህር የማይባል፣ ከሁሉ ይልቅ ድፍረት ያለበት ሰላምታ ሆነ። አንቺ ልትልኪላቸው የነበረው ቃል ከ300 ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ልክ ነበር!

የ«ስኪያቮ» ሥር ደግሞ አያስቅም። በመካከለኛው ዘመን የላቲን ጽሑፍ ላይ «ስክላቩስ» የሚባለው ቃል መጀመሪያ የሕዝብ ስም ነበር፤ የስላቮች። ከምሥራቅ አውሮፓና ከባልካን የተማረኩ ስላቮች ብዙ ሆነው ለገበያ ስለቀረቡ የሕዝቡ ስም ለሸቀጡ መጠሪያ ሆነ። ከነጋዴዎቹ መካከል የቬኒስ ሰዎች ነበሩበት። የፈረንሳይኛው «ኤስክላቭ»፣ የጀርመንኛው «ስክላቬ»፣ የእንግሊዝኛው «ስሌቭ» ሁሉም ከዚያ ናቸው። ከፓዶቫ ቬኒስ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው። ስትሄጂ ከዶጆቹ፣ ከድሮ የቬኒስ ገዢዎች፣ ቤተ መንግሥት ወደ ምሥራቅ በውሃው ዳር ያለውን መንገድ ተራመጂበት፤ ስሙ «ሪቫ ዴሊ ስኪያቮኒ» ነው። ስኪያቮኒ ይሏቸው የነበሩት ከማዶ፣ ከዳልማሺያ ጠረፍ እየመጡ መርከባቸውን እዚያ የሚያስሩትን ስላቮች ነው። የቻው ዘመድ በመንገድ ስም ተጽፎ ታይዋለሽ።

ይህን ስነግርሽ ፊትሽ ተለወጠ። አውቄዋለሁ። አንዱ ተነሥቶ «ቻው ማለት ባሪያህ ነኝ ማለት ነው፤ ጣሊያን ሆን ብሎ ነው ያስለመደን» ቢልሽ እንዳትደነግጪ። ጣሊያኑ ለእናቱም ለልጁም የሚለው ቃል ነው። እኛ አገር ሳይደርስ የራሱ ሰዎች ትርጉሙን ረስተውታል። ደግሞስ የኛው «ገብረ» ምንድን ነው? ገብረ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ የሚባል ሰው ጎረቤትሽ ሞልቷል፤ አገልጋይ፣ ባሪያ ማለት ነው፤ ሲጠራ ግን ማንም ባርነት አይታየውም። ጣሊያንን በተከሳሽነት ለማቆም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የሠራው ይበቃል፤ ቻው የሚጨምረው የለም።

ይልቅ እኔን የሚደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ከአልፕስ ተራሮች በስተሰሜን ያሉትም ሳይነጋገሩ ያንኑ አድርገዋል። ስላቮች ለባሪያ ስም ከመሆናቸው በፊት ላቲን ባሪያን «ሴርቩስ» ይል ነበር። ቪየና ወይ ሙኒክ ብትሄጂ ወጣቶቹ ሲገናኙም ሲለያዩም «ሴርቩስ» ሲባባሉ ትሰሚያለሽ፤ ያው «ባሪያህ ነኝ» ነው። ሀንጋሪዎች «ሴርቩስ»ን ወስደው አሳጠሩና «ሲያ» አደረጉት፤ ለብዙ ሰው ከሆነ «ሲያስቶክ»። ብሶ ደግሞ ሀንጋሪ ሲለይሽ «ሄሎ» ሊልሽ ይችላል። ስዊድኖች ዘንድ «ሼና» አለ፤ «አገልጋይ» ከሚለው ቃል ተቆርጦ የቀረ ነው፤ እሱም እንደ ቻው የጓደኛ ነው። ደቡቡ ከ«ስክላቩስ»፣ ሰሜኑ ከ«ሴርቩስ»፣ ስዊድን ከራሷ ቃል ተነሥተው ሁሉም እዚያው ደረሱ። ፖላንዶች ደግሞ «ቼሽች» ይላሉ፤ «ክብር» ማለት ነው፤ ሰላምታ ሲሆን ግን እሱም ዛሬ የጓደኛ ነው። አክብሮት በየቀኑ ሲነገር እንዲህ እየሳሳ ወደ ወዳጅነት ይወርዳል፤ ከዚያ ለትልቅ ሰው ሌላ ቃል ይፈለጋል።

ጀርመን ከሄድሽ አንድ ነገር ተጠንቀቂ። «ቹስ» ሲሉሽ የቻው ዘመድ ይመስልሻል፤ አይደለም። እሱ የመጣው ከፈረንሳዩ «አዲዩ»ና ከስፔኑ «አዲዮስ» ወገን ነው፤ «ለእግዚአብሔር ሰጥቼሃለሁ» እንደማለት። በሰሜን ጀርመን አፍ «አድዩስ» ሆነ፣ ከዚያ ፊቱ ተቆረጠ። ዛሬ በሱቅም በቢሮም ይባላል። ባቫሪያ ውስጥ ግን አሁንም የሚከፋቸው አሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. በፓሳው ከተማ አንዲት ርእሰ መምህርት ትምህርት ቤታቸውን «ሃሎ»ና «ቹስ» የማይባልበት ቦታ አድርገውት ነበር፤ ለትልቅ ሰው ድፍረት ነው ብለው። «እግዚአብሔር» ከውስጡ ጠፍቶ «ቹስ» የቀረውን ቃል ባለጌ አደረጉት። እኚህ ሴት ከኛ አገር አያቶች ጋር ቡና ቢጠጡ በደንብ ይግባቡ ነበር።

የቀረውን ዓለም በአጭሩ። የጣሊያን ስደተኞች ቃሉን ወደ ደቡብ አሜሪካ ይዘውት ሄዱ፤ በቦነስ አይረስ «ቻው»፣ በብራዚልም «ቻው»፤ እዚያ እንደኛ ለመለያየት ብቻ ነው። ቼኮችና ስሎቫኮች «ቻው» ብለው ይገናኛሉም፣ ይለያያሉም። ሰርቦች «ቻኦ»፣ ላትቪያዎች «ቻው»። እንግሊዝኛ ውስጥ ቃሉን ቀድመው ከጻፉት አንዱ ኧርነስት ሄሚንግዌይ ነው፤ በ1929 እ.ኤ.አ. በታተመው የጣሊያን ጦር ግንባር ልብ ወለዱ። የቬትናሞች ሰላምታ «ቻኦ» ግን ዝምድና የለውም፤ እንዲሁ የድምፅ መገጣጠም ነው። እንዲህ ያለውን ማን አዋለደው ብሎ መሮጥ ብዙ ሰው ያሳስታል።

ወደ ኢሜይልሽ ልመለስ፤ ፕሮፌሰሩ መልስ ሲጽፉልሽ በ«ሌይ» ከጻፉልሽ አንቺም በ«ሌይ» ቆዪ። ምናልባት ዓመት አብረሽ ከሠራሽ በኋላ «ዲያሞቺ ዴል ቱ» ይሉሻል፤ «አንቺ፣ አንተ እንባባል» ማለት ነው። ያንን የሚጋብዘው ታላቁ ነው፤ ታናሽ አይጀምርም። የክፍልሽ ልጆች ግን ሳይጋብዙሽም በ«ቱ» ይጀምራሉ፤ እዚያ «ቡዎንጆርኖ» እያልሽ አትኮፈሺባቸው። ለሚያጠራጥርሽ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሱ ምን እንደሚልሽ ስሚ፤ ያለሽን መልሺለት።

ለእኔ ግን ስትደውዪ ቻው ማለት ትችያለሽ። ደውዪ ብቻ።