ዘር ከመለገሳችን በፊት፦ በብሪታንያ ለምንኖር ወንድሞች ማሳሰቢያ

ልጅ ያጣ ቤት ጭንቀቱ ምን ያህል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ብሪታንያም ለጋሽ የሚፈልጉ ጥንዶች አሉ፤ መልኩ እነሱን የሚመስል ልጅ የሚመኙ የእኛ ሰዎችም ይገኙባቸዋል። የዘር ፈሳሽ ለመለገስ ያሰበ ወንድማችን በበጎ ልብ እንደተነሳ አንጠራጠርም። ነገር ግን ውሳኔው ገና ያልተወለደ ልጅን ይመለከታልና፣ ከመፈረማችን በፊት እነዚህን እናስብ።

እናድርግ

• ፈቃድ ባለው ክሊኒክ በኩል እንለግስ፤ በዚያ መንገድ የለገሰ ሰው በሕግ አባት ተብሎ ቀለብ አይጠየቅም፣ እናቲቱም ከተላላፊ በሽታ ትጠበቃለች።

• በቤተሰባችን ያለውን ሕመም ሁሉ እንናገር፤ እኛ ያፈርንበትን ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ሊሸከመው ይችላል።

• ከባለቤታችን ወይም ከእጮኛችን ጋር እንማከር፤ የሚወለደው ልጅ ለልጆቻችን ወንድም ወይም እህት ነው።

• ዘራችን ወደ ውጭ አገር ይላክ እንደሆነ እንጠይቅ፤ ከአንድ ለጋሽ ከ10 ቤተሰብ በላይ እንዳይጠቀም የሚከለክለው ደንብ ከብሪታንያ ውጭ አይሠራም።

አናድርግ

• «ማንም አያውቀኝም» ብለን አንፈርም። ከሚያዝያ 2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተደነገገው መሠረት ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ስማችንን፣ የልደት ቀናችንንና አድራሻችንን መጠየቅ ይችላል። ደግሞም ይጠይቃል ብለን እናስብ፤ በእኛ ዘንድ «የማን ልጅ ነህ?» የማይባል ልጅ የለም።

• በአንድ ጉብኝት ለሚሰጠው 45 ፓውንድ ብለን አንሂድ፤ ገንዘቡ ለመጓጓዣና ለባከነ ጊዜ ማካካሻ እንጂ ክፍያ አይደለም።

• በየቦታው አንለግስ። በ2023 የሄግ ፍርድ ቤት ቢያንስ የ550 ልጆች አባት የሆነን አንድ ኔዘርላንዳዊ ዳግም እንዳይለግስ አግዶታል፤ እነዚያ ልጆች ወንድምና እህታቸውን ቆጥረው አይጨርሱም።

• በማኅበራዊ ሚዲያ ከተዋወቅነው ሰው ጋር በቤት ውስጥ ለመለገስ አንስማማ፤ ሕጉ አባት ሊያደርገን ይችላል፣ ልጁም በመዝገብ ሳይገባ ይቀራል።

ይህ የመዝገብ ጉዳይ ከሁሉ በላይ ያሳስበናል። እኛ ከመጋባታችን በፊት እስከ ሰባት ቤት ዝምድና የምናጣራ ሕዝብ ነን። እዚህ አገር ደግሞ ጥቂት ነን፤ ልጆቻችን በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ያድጋሉ፣ በአንድ ሠርግ ላይ ይተያያሉ። የአንድ አባት ልጆች ሳይተዋወቁ ቢፋቀሩ ሽማግሌ የማያውቀውን ዝምድና ማን ያጣራል? በክሊኒክ በኩል የተወለደ ልጅ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ ሊያገባት ካሰባት ጋር ዝምድና እንዳለው ክሊኒኮቹን የሚቆጣጠረውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይችላል። በቤት ስምምነት ለተወለደው ግን የሚጠየቅ መዝገብ የለም። ወላጆችም እውነቱን በጊዜ ቢነግሩት መልካም ነው፤ ያልተነገረው ልጅ መጠየቅ እንዳለበትም አያውቅም።

ልባችን ካመነታ ደግሞ ቶሎ እንናገር፤ ዘሩ ለሕክምና እስኪውል ድረስ ፈቃዳችንን ማንሳት እንችላለን፣ ከዚያ በኋላ ግን አይቻልም። ከለገስን በኋላም አድራሻ በቀየርን ቁጥር እናስታውቅ፤ ልጁ የሚሰጠው መጨረሻ ያስመዘገብነው ነው።