ጠዋት ጠዋት የሚያነክስ አዛውንት ፈረስ

ጥያቄ፦ ዕድሜው 18 ዓመት የሆነ የጭነት ፈረስ አለኝ። ጠዋት ሲነሣ ያነክሳል፤ ትንሽ ሲሄድ ይፍታታል። ክረምት ይብስበታል። ለሰው የሚታዘዝ የሕመም ማስታገሻ ብሰጠውስ?
ከጢስ ዓባይ

መልስ፦ ምልክቱ የመገጣጠሚያ ብግነት ይመስላል። የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት በዕድሜና በጭነት ብዛት ይሳሳል፤ ተመልሶም አይተካም። ሕመሙን ማቅለል ግን ይቻላል።

ፈረሱን ጨርሶ አሥረው አያቁሙት፤ መገጣጠሚያው ይበልጥ ይደርቃል። በየቀኑ ለስላሳና ሜዳማ መሬት ላይ በዝግታ ያንሸራሽሩት። ጭነቱን ይቀንሱ፤ ቁልቁለትና ድንጋያማ መንገድ ያስቀሩለት። ኮቴውን በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ በባለሙያ ያስከርክሙ፤ የተዛባ ኮቴ መገጣጠሚያውን ይጎዳል። በክረምት ደረቅ ጉዝጓዝ ያለው መጠለያ ያዘጋጁለት። ከመጠን በላይ እንዳይወፍርም ይጠንቀቁ።

የሰው መድኃኒት አይስጡት፤ ጨጓራውንና ኩላሊቱን ሊጎዳ ይችላል። ለፈረስ የሚሆነውን፣ ለምሳሌ ፌኒልቡታዞንን፣ መጠኑን ወስኖ የሚያዝልዎ የእንስሳት ሐኪም ነው።

እግሩን መርገጥ ካቃተው፣ መገጣጠሚያው ካበጠና ከጋለ፣ ወይም አጠገቡ ቁስል ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት። እግሩ ላይ መግል የሚያወጡ እባጮች ከተደረደሩ ተላላፊ በሽታ ሊሆን ስለሚችል፣ እስኪመረመር ከሌሎች ፈረሶች ይለዩት።