ወደ ምንጩ መውጣት፦ የከተማ ውኃ፣ የተፋሰስ ጥበቃና የሰበካችን ድርሻ

የኢያሪኮ ሰዎች ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ ቀርበው ከተማቸው ለመኖሪያ የተመቸች ብትሆንም ውኃዋ ክፉ መሆኑን በነገሩት ጊዜ፣ ነቢዩ በአዲስ ማሰሮ ጨው ጨምረው እንዲያመጡለት አዘዘ። ታሪኩ በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 2 ተጽፎ ይገኛል፤ ካህናት አባቶቻችንም በሚገባ ያውቁታል። በዚህ ትምህርት የምናተኩረው በአንድ ነገር ላይ ነው። ኤልሳዕ ጨዉን የጣለው በየቤቱ ባለው ማድጋ ውስጥ አልነበረም፤ ውኃው ወደሚፈልቅበት ምንጭ ወጥቶ ነው እንጂ። ተአምራቱ የእግዚአብሔር ነው፤ የነቢዩ አካሄድ ግን ለእኛም ሥርዓት ይሆነናል።

እኛ ስለ ከተማ ውኃ ስንነጋገር የምንጀምረው ብዙውን ጊዜ ከማድጋው ነው። ቧንቧው ለምን በፈረቃ ይመጣል? ተጨማሪ ሮቶ መቼ ይገዛል? በሰበካ ጉባኤ ስብሰባዎች ላይ የምሰማቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ነገር ግን ውኃው ከየት እንደሚነሣና ከእኛ ዘንድ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ብዙ አላጋጠመኝም።

የአዲስ አበባን ሁኔታ እንመልከት። ከተማዋ የግድብ ውኃ የምታገኘው በምዕራብ በኩል እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ከተሠራው ከገፈርሳ፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተሠራው ከለገዳዲና እ.ኤ.አ. በ1999 ከተሠራው ከድሬ ነው። ቀሪው በአቃቂና በሌሎች አካባቢዎች ካሉ ጥልቅ ጉድጓዶች ይሳባል። ግድቦቹ የሚገኙት ከከተማው አስተዳደር ወሰን ውጭ ነው። ለገዳዲንና ድሬን የሚሞላው ዝናብ የሚወርደው እህል በሚዘራበትና ከብት በሚሰማራበት የገበሬ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ በአራት ኪሎ ቧንቧ የሚከፍት ሰው፣ ሳያውቀው፣ ከሰንዳፋ አካባቢ ገበሬ ማሳ ጋር ተቆራኝቷል።

ዝናብ በተራቆተ ተዳፋት ላይ ሲወርድ አፈሩን አጥቦ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙም ወደ ግድቡ ያስገባዋል። በዚህም ሁለት ጉዳት ይደርሳል። የመጀመሪያው በዐይን የማይታይ ነው፤ ደለሉ ከግድቡ ወለል ላይ እየተቆለለ ለውኃ የተመደበውን ቦታ ይይዛል። ግድቡ ከውጭ ሲታይ ሙሉ ነው፤ የሞላው ግን ከፊሉ ጭቃ ነው። ሁለተኛው የውኃው መደፍረስ ነው። የመረሬ አፈር ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ቶሎ አይዘቅጥም፤ ለማጥሪያ ብዙ ኬሚካል ይጠይቃል። ከዚህም በላይ ተሕዋስያን ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ተጣብቀው ስለሚሸሸጉ ክሎሪኑ በቀላሉ አያገኛቸውም። ሽንት ቤቱና ማሳው ከግድቡ በላይ በሆነበት ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወጪውን የሚከፍለው ከታች ያለው የከተማ ነዋሪ ነው፤ ለም አፈሩን ያጣው ደግሞ ከላይ ያለው ገበሬ ነው። ሁለቱም ይጎዳሉ።

እዚህ ላይ የፍትሕ ጥያቄ አለ፤ በጥንቃቄ ብንመለከተው መልካም ነው። ለገበሬው «እስከ ወንዙ ዳር አትረስ፣ ከብትህን ከተዳፋቱ አውጣ» ማለት ለከተሜው ቀላል ነው። ገበሬው ግን የሚያርሰው ሌላ መሬት ስለሌለው ነው። ብዙ ጊዜም ለከተማው የሚሄደው ቧንቧ በደጁ እያለፈ እርሱ ከኩሬ ይቀዳል። እርከን ሥራ፣ ቦረቦሩን አጥር፣ ከብቱን አስረህ ቀልብ የሚለው ምክር ከምግብ፣ ከመኖና ከንጹሕ ውኃ ጋር ካልመጣለት በቀር አንድ ክረምት አይሻገርም፤ ይህን በመስክ ሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ሌላው ድርጅት የሌለው አንድ ነገር አላት። ከግድቡ በላይም አጥቢያ አላት፤ ከግድቡ በታችም አጥቢያ አላት። የሁለቱ ሰበካ ጉባኤያት አባላት ከአንድ መሠዊያ የሚቆርቡ ወንድማማቾች ናቸው። በከተማ ያለ ደብር በዓመት አንድ ጊዜ ለሕንፃ ከሚያሰባስበው ገንዘብ ጥቂቱን ከላይ ላለው አጥቢያ ለችግኝ ጣቢያ ወይም ለምንጭ ማጎልበቻ ቢልክ፣ ምጽዋት ሳይሆን ለሚጠጣው ውኃ የሚከፍለው ዋጋ ነው።

የወራጁም ነገር እንዲሁ ነው። ወደ ቤት የገባው ውኃ አብዛኛው ፍሳሽ ሆኖ ይወጣል፤ አቅርቦቱ በጨመረ ቁጥር ፍሳሹም ይጨምራል። የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኪዩብ እንዲያጣራ ተስፋፍቷል፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም ብዙው ቤት ከፍሳሽ መስመሩ ጋር ስላልተገናኘ፣ ጉድጓዱ ሲሞላ በክረምት ጎርፍ ላይ የሚለቅቅ አለ። ሁሉም ወደ አቃቂ ወንዝ ይገባል፤ በዚያው ወንዝ የለማው ጎመንና ሰላጣ ደግሞ ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይወጣል። ሁለቱ የአቃቂ ወንዞች የሚገናኙበትን የአባ ሳሙኤልን ግድብ ያየ ሰው፣ ደለልና ቆሻሻ አንድን የውኃ አካል ምን እንደሚያደርጉት ማብራሪያ አያሻውም።

ስለ መጸዳጃ መናገር ለመቅደስ አገልጋይ አይገባም የሚል ቢኖር፣ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23ን ይመልከት። ከሰፈር ውጭ የተለየ ቦታ እንዲኖር፣ መቆፈሪያ እንዲያዝና የወጣው እንዲሸፈን በዚያ ታዝዟል።

አሁን የራሴን ስሕተት ልናገር፤ ሌሎችን ከመምከር በፊት ይህ ይቀድማልና። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት አነስተኛ ከተማ ዳርቻ ላለ፣ ጠበል ለሚፈልቅበት ደብር፣ ለበዓል የሚመጡ ምእመናን የሚገለገሉበት መጸዳጃ አሠርተን ነበር። የቦታውን መረጣ ሰነድ የፈረምሁት እኔ ነኝ። መመሪያው ጉድጓዱ ከውኃ መገኛ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ ይላል፤ የእኛ 45 ሜትር ይርቅ ነበር። ነገር ግን ከምንጩ በላይ፣ ለመኪና መንገዱ በሚቀርበው ወገን ነበር። ከሥሩ ያለው አፈር ስስ፣ ከአፈሩ በታች ያለውም ስንጥቅ ዐለት ነበር። ልኬቱ ትክክል ሆኖ አቅጣጫው የተሳሳተ ነበር። ዐለቱ ስንጥቅ በሆነበት ቦታ ውኃ በአሸዋ ውስጥ እንደሚጣራው ሳይጣራ በቀጥታ ይወርዳልና 30ም፣ 45ም ሜትር ዋስትና አይሆንም።

በነሐሴ ከጠበሉ በታች ተማሪዎችና ጎረቤቶች ለመጠጥ ከሚቀዱበት ቦታ ናሙና ለመውሰድ ስንነሣ፣ አንድ የኮሚቴ አባል «ጠበል እንዴት ይመረመራል?» ብለው ተቃወሙ። አስተዳዳሪው፣ ዕድሜ የጠገቡ መነኩሴ ነበሩ፣ ጥቂት ዝም ብለው፣ «የሚመረመረው የእግዚአብሔር ኃይል አይደለም፤ የእኛ ጉድጓድ ነው። ልጆቼ፣ መርምሩ» አሉ። ለመጠጥ በሚውል ውኃ፣ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከዐይነ ምድር የሚመጣው ተሕዋስ አንድም መገኘት የለበትም። በእኛ ናሙና ውስጥ ተገኘ። ውጤቱ የደረሰን ግን ጳጉሜን ካለፈ በኋላ ነበር፤ በእነዚያ ቀናት ምን ያህል ሕዝብ ለጠበል እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። መጸዳጃውን ዘግተን ከምንጩ በታች ሌላ አሠራን፤ ለችግኝ ጣቢያ የተያዘው ገንዘብ ለዚያ ዋለ። በቀጣዩ ክረምት የተወሰደው ናሙና ንጹሕ ነበር። በመካከሉ ስንት ሕፃን እንደ ታመመ ግን አልመዘገብንም፤ ማንም አልጠየቀንም።

ከዚህ በኋላ በማንኛውም ደብር የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ስንት ሜትር?» ሳይሆን «የትኛው ወገን ከፍ ይላል?» ሆኗል። የጉድጓዱ ወለልም በክረምት ከርሰ ምድር ውኃው ከሚደርስበት ከፍታ ቢያንስ 1.5 ሜትር በላይ መሆን አለበት። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ ላያስፈልግ ይችላል፤ የአካባቢው ጉድጓድ ቆፋሪ በነሐሴ ውኃው የት እንደሚደርስ ይነግራችኋል።

ሌላው የባሕር ዛፍ ነገር ነው። ብዙ አጥቢያዎች የካህናትን ደመወዝ የሚሸፍኑት ባሕር ዛፍ ሸጠው ስለሆነ፣ «ንቀሉት» ብሎ መዝለቅ የጉባኤውን ችግር አለማወቅ ነው። ነገር ግን ከምንጭ ዙሪያና ከበላዩ ያለው ባሕር ዛፍ ውኃውን ይሻማል። በዚያ ቦታ ያለው በየተራ ተቆርጦ በጽድ፣ በወይራ፣ በዝግባ ቢተካ፣ ለገቢ የሚሆነው ደግሞ ራቅ ባለ ዳገት ቢቀር፣ ገቢውም ምንጩም ይተርፋሉ። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ሲያጠኑ የኖሩት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናትና ከምእመናን ጋር በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ያደረጉት ከብት ችግኙን እንዳይበላ ነው። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ስለተለቀመ ማሳውም ለእርሻ ቀለለ። በአጥቢያችን አቅም የሚሠራ ነገር ነው።

የከተማ አጥቢያዎች ደግሞ ጣራቸውን ቀና ብለው ይዩ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ነው። የአዳራሹና የሰንበት ትምህርት ቤቱ ጣራ በድምሩ 400 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብና አንድ አምስተኛው ቢባክን፣ 320,000 ሊትር ይተርፋል። ያን ሁሉ የሚያስቀምጥ ታንከር የለንም፤ የተወሰነው ግን ለመጸዳጃ፣ ለእጅ መታጠቢያና ለችግኝ ይበቃል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን አቧራና የአእዋፍ ኩስ ስለሚያጥብ ወደ ታንከሩ ሳይገባ ይፍሰስ።

ለዚህ ሩብ ዓመት የምንጠይቃችሁ ሥራ አንድ ነው። በሐምሌ ወይም በነሐሴ፣ ዝናቡ እየዘነበ ሳለ፣ ካህናቱ፣ የሰበካ ጉባኤው የልማት ክፍልና ከአካባቢው ውኃ የሚቀዱ እናቶች አንድ ላይ ሆነው በቅጥሩ ዙሪያ ይሂዱ። ጎርፉ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ ምን ይዞ እንደሚወጣ በወረቀት ላይ ይሳሉ። መነሻውም ለመሥዋዕቱ ውኃ ከሚቀዳበት ምንጭ ወይም ቧንቧ ይሁን።