ሕፃናት ከፊደል ጋር የሚቀስሙት ትምህርት

ሕፃን ልጃችንን በካቶሊክ ትምህርት ቤት ስናስመዘግብ ብዙዎቻችን «ሃይማኖቱንም በዚያው ይማራል» ብለን እንረካለን። ይሁን እንጂ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። በአንድ ክፍልም የካቶሊክ፣ የኦርቶዶክስ፣ የፕሮቴስታንትና የሙስሊም ልጆች አብረው ይማራሉ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፣ ካቶሊካውያን ያልሆኑ ተማሪዎች የሚገኙባቸውን ትምህርት ቤቶቿን ቤተ ክርስቲያን እጅግ እንደምትወዳቸው ገልጿል።

ታዲያ ሕፃናቱ በዚያ ምን ይማራሉ? ከፊደልና ከቁጥር ጋር በኑሮ የሚታይ ትምህርት ይቀስማሉ። እርሳስ ለሌለው ማዋስን፣ ተራ መጠበቅን፣ ሲያጠፉ «እኔ ነኝ» ብለው እውነቱን መናገርን፣ ከተጣሉት ጋር መታረቅን ይለማመዳሉ። መምህርቷ የድሃውንና የባለጠጋውን ልጅ በእኩል ዐይን ስታይ፣ ስለ ፍቅር ሳትሰብክ ፍቅርን ታስተምራለች። በዚህም መሬቱ ይለሰልሳል፤ የእምነት ዘር ግን ገና ይቀረዋል።

ዘሩን የመዝራት ኃላፊነት የእኛ ነው። ይኸው ጉባኤ ወላጆች የልጆቻቸው የመጀመሪያና ዋና አስተማሪዎች መሆናቸውን ያስገነዝባል። ስለዚህ ማማተብንና «አባታችን ሆይ»ን በቤት እናስተምር፤ እሑድም ልጆቻችንን ወደ ቁምስናችን የትምህርተ ክርስቶስ ክፍል እናምጣቸው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የሆንንም፣ ሕፃኑ በትምህርት ቤት ከለመደው ማካፈልና ይቅርታ ተነሥተን፣ የዚህ ሁሉ ምንጭ ክርስቶስ መሆኑን እናሳየው።