በክረምት መብራት ሲቋረጥ በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

በክረምት ወራት ዝናብና ነፋስ የኤሌክትሪክ መስመሮችን ሲጎዱ መብራት ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ሊቋረጥ ይችላል። በዚህ ጊዜ በቤት ውስጥ የሚቆይ ቤተሰብ፣ ብርዱን ለመከላከል በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ሊያነድ ይችላል። ይህ ልማድ ግን በአንድ ሌሊት መላውን ቤተሰብ ለሞት ሊዳርግ የሚችል ነው።

የከሰል አደጋ

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ያመነጫል። ጋዙ ቀለምም ሆነ ሽታ የለውም። በመሆኑም «ጭሱን ጨርሷል፤ ፍም ሆኗል» ተብሎ ወደ መኝታ ክፍል የሚገባ የከሰል ምድጃ ከአደጋ ነጻ አይደለም። ጋዙ በደም ውስጥ ከሚገኘው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ስለሚጣበቅ፣ አንጎልና ልብ በቂ ኦክስጅን ያጣሉ። የተኛ ሰው ምንም ሳይሰማው ራሱን ሊስት ይችላል።

ከኮቪድ-19 የሚለይባቸው ምልክቶች

ራስ ምታት፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር በሁለቱም ሊታዩ ይችላሉ። የሚከተሉት ግን በጋዝ መመረዝን ያመለክታሉ፦

• በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በተመሳሳይ ሰዓት መታመማቸው፤
• ትኩሳትና ሳል አለመኖሩ፤
• ወደ ውጭ ሲወጣ ሕመሙ መቅለሉ።

በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በጋዝ የተመረዘን ሰው ጤነኛ አስመስሎ ሊያሳይ ስለሚችል፣ በእርሱ ብቻ መተማመን አይገባም።

ሊወሰዱ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

• ከሰል፣ ለቡናም ቢሆን፣ ከቤት ውጭ ይቀጣጠል፤ ጀኔሬተርም ከበርና ከመስኮት ርቆ ይቀመጥ።
• ብርድን በደራራቢ ልብስና በብርድ ልብስ መከላከል ይመረጣል።
• ለብርሃን የእጅ ባትሪ ይቅደም፤ ሻማና ኩራዝ ከመጋረጃና ከሕፃናት ይራቁ፣ ከመኝታ በፊትም ይጥፉ።
• በኤሌክትሪክ የሚሠራ የኦክስጅን መሣሪያ የሚጠቀም ሕመምተኛ ካለ፣ ተጠባባቂ የኦክስጅን ሲሊንደር አስቀድሞ ይዘጋጅ።
• መስኮት መክፈት ቫይረሱ በክፍሉ አየር እንዳይከማች ይረዳል፤ ሆኖም በቤት ውስጥ ለሚነድ ከሰል ዋስትና አይሆንም።

አደጋ ሲደርስ

በርና መስኮት ተከፍቶ የተጎዳው ሰው ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ሊወጣ ይገባል። ወተት ማጠጣት መርዙን አያረክስም፤ ራሱን የሳተን ሰውም ሊያንቅ ይችላል። አምቡላንስ በ907 ይጠራ፤ የተሻለው ሰውም ቢሆን በጤና ተቋም ይታይ። ቫይረሱን መፍራት እርዳታውን ለደቂቃ እንኳ ሊያዘገየው አይገባም።